ቦክስ ካተር (የ«ብሬኪንግ ባድ» ክፍል)

«ቦክስ ካተር» የአሜሪካው ተከታታይ የወንጀል ድራማ «ብሬኪንግ ባድ» 4ኛ ምዕራፍ የመክፈቻ ክፍል ነው። ቪንስ ጊሊጋን ጽፎት፣ አዳም በርንስታይን ዳይሬክት አድርጎት፣ በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. በኤ.ኤም.ሲ. ቴሌቪዥን ቀረበ።

ኬሚስቱ ጌል ከተገደለ በኋላ አደንዛዥ ዕፅ አምራቾቹ ዋልተር ዋይትና ጄሲ ፒንክማን ከልብስ ማጠቢያ ድርጅት ሥር በተሠራው የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ታግተው ፍርዳቸውን ይጠብቃሉ። አለቃው ጉስ ፍሪንግ ይመጣል። ሱፉን አውልቆ የሥራ ልብስ ይለብሳል። ዋልተር ያለማቋረጥ ይለማመጠዋል፤ ጉስ ግን ቃል አይመልስም። ካርቶን መክፈቻውን ካተር አንስቶ የገዛ ታማኙን የቪክተርን ጉሮሮ ይቆርጣል፤ ዓይኑ ከሁለቱ ታጋቾች አይነሳም። ታጥቦ፣ ሱፉን መልሶ ለብሶ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ያዛቸዋል። ምክንያቱን አያስረዳም፤ ቪክተር በጌል መኖሪያ በሰዎች መታየቱ ግን ተመልካቹ የሚያውቀው ነገር ነው።

የትዕይንቱ ኃይል ከደሙ ይልቅ ዝምታው ላይ ነው። ጃንካርሎ ኤስፖዚቶ ጉስን የሚጫወተው በዶሮ ጥብስ ቤቱ ደንበኞችን በትሕትና የሚያስተናግድ ነጋዴ አድርጎ ነው፤ ያው እርጋታ ሲገድልም አለመለወጡ እጅግ ያስፈራል። ተዋናዩ በዚህ ምዕራፍ ለኤሚ ሽልማት ታጭቷል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በተከታታይ ድራማው «ቤተር ኮል ሶል» ገጸ ባሕርይውን ደግሞ ተጫውቶታል።