የአዲስ አበባን ቤተ መዘክር ስለ መጐብኘታችን



በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ «እኛን የሚያገናኘን ለቅሶ ብቻ ነው እንዴ?» የሚል ቅሬታ ተነሥቶ ስለ ነበረ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ሃያ ያህል ሆነን የአዲስ አበባን ቤተ መዘክር ለማየት ሄድን። ለደመራ በየዓመቱ በአጠገቡ እናልፋለን፤ ከመካከላችን ገብቶ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

ቤቱ ከመስቀል አደባባይ በስተደቡብ ያለው፣ የጦር ሚኒስትር የነበሩት የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ነው። ቤተ መዘክር የሆነው ከተማችን መቶኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1979 ዓ.ም. ሲሆን፣ በውስጡ የእቴጌ ጣይቱ፣ የልጅ ኢያሱና የንግሥት ዘውዲቱ ፎቶግራፎች ይታያሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያቆመን ግን የጥንቷ አዲስ አበባ ፎቶግራፍ ነው። ሜዳው በሙሉ ድንኳን ነው። አንዲት እናታችን ጠጋ ብለው አዩና «ይኸ ሁሉ ድንኳን፣ ማን ሞቶ ነው?» ቢሉ ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ እውነት አለው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ፣ መኳንንቱም በየተሰጣቸው ቦታ ከነጭፍራቸው ሰፈሩ። ሰፈር የምንለውም ከዚሁ ከመስፈር የመጣ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኰንን፣ ሀብተ ጊዮርጊስ እያልን የምንጠራው ሁሉ የጌቶች ስም ነው። ያን ጊዜ ሰው ሲሞት የሚቀብረው የአንድ ጌታ ጭፍራ የሆነው ጐረቤቱ ነበር ብንል አንሳሳትም።

ራስ መኰንን በ1882 ዓ.ም. ስላመጡት ስልክ፣ አጼ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ስለ ተሳፈሩበት መኪና ብዙ ተወራ። ወጣቶቹ ከመኪናው ፎቶግራፍ አልላቀቅ ብለው ነበር፤ እኛ ሽማግሌዎቹ ወደ በሩ አካባቢ ተቀምጠን ጠበቅናቸው።

እዚያው እንደ ተቀመጥን አንድ አዛውንት አባላችን «ሁሉንም አየን፤ የኅዳር በሽታስ የታለ?» ብለው ጠየቁ። ዓይናችን አልፎት ይሆናል እንጃ፣ እኛ አላየንም። ለእድር ሰው ግን ከመኪናውም ከስልኩም በፊት ሊታወቅ የሚገባው እሱ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ሐኪም ጥቂት ነበረ። ከሁሉ የከፋው ግን ቀባሪ መጥፋቱ ነው፤ ቆፋሪው ራሱ ታሞ ተኝቷል፣ ጐረቤትም እንዲሁ። ሬሳ በየቤቱ ሰነበተ፣ በአንድ ጉድጓድም ብዙ ሰው ተቀበረ። ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ የዚያ መታሰቢያ ነው።

የከተማ እድር መቼ እንደ ተጀመረ የሚጽፉ ሰዎች አንድ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተስፋፋ ይላሉ። በእኛ አስተያየት ግን፣ ከየአገሩ መጥቶ ጌታም ዘመድም በሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው፣ «እኔን ማን ይቀብረኛል?» ብሎ የሠጋው ያን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የኅዳርን ያየ ሰው ሥጋቱን የሚረሳ አይመስለንም።

ታዲያ ይኸን ሁሉ እያወራን ስንመለስ አንድ የሚያሳፍር ነገር ትዝ አለን። የእድራችን የመጀመሪያው መዝገብ የለም። የዕቃ ቤታችን ጣራ አፍስሶ በስብሶ ስለ ነበር፣ ከተቀደደው ድንኳን ጋር ተጣለ። የጣልነው ሌላ ሰው አይደለም፣ እኛው ነን። መሥራቾቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ መዋጮው ስንት እንደ ነበረ፣ ማን በማን ቀብር ላይ ቀሪ ተብሎ እንደ ተቀጣ፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደየዳርቻው ሲሄድ አይተናል። ሰፈር ሲነሣ ማን ከማን ጋር ይቀባበር እንደ ነበረ የሚመሰክረው መዝገቡ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው መዝገብ በብረት ሣጥን ሆኖ በጸሐፊው እጅ እንዲቀመጥ ኮሚቴው ወስኗል። የድሮ የአባልነት ደብተር፣ ደረሰኝ ወይም በድንኳናችን ውስጥ የተነሣ ፎቶግራፍ ያላችሁ፣ በወርኃዊው መዋጮ ቀን ይዛችሁ ብትመጡ ተገልብጦ ወዲያው ይመለስላችኋል።

«ማን ሞቶ ነው?» ያሉት እናታችን በተከታዩ እሑድ የሟች ባለቤታቸውን ደብተር በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። የመጀመሪያውን ገጽ አይጥ በልቶታል፤ ማኅተሙ ግን ይነበባል።