ንጣፉ ያው፣ መሠረቱ ሌላ

ብረታ ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ኦክሳይድ ይሆናል፤ የምናውቀው ዝገት አንዱ ነው። በቤተ ሙከራ አንድን ኦክሳይድ ከፀጉር በሺህ እጅ በሚቀጥን ንጣፍ መልክ በሌላ ክሪስታል ላይ ማሳደግ ይቻላል። ከሥር ያለው ክሪስታል የንጣፉን ጠባይ ይለውጣል። እንዴት?

እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ነገሩ የገባኝ በወልድያና በቆቦ መካከል ባለችው ጎብዬ በማውቀው የቆዳ አወጣጠር ነው። እርጥብ ቆዳ ጠርዙ በችካል ተወጥሮ ይደርቃል። ስፋቱን የሚወስኑት ችካሎቹ ናቸው፤ ወደ ጎን በተሳበ መጠንም ይሳሳል። በንጣፉ ሥር ያሉት አቶሞችም እንደ ችካል ናቸው። እነሱ ተራርቀው ከተደረደሩ ንጣፉ ይለጠጣል፤ ከተጠጋጉ ወደ ጎን ይጨመቃል፣ ወደ ላይ ይረዝማል። የአቶሞቹ ርቀት ሲለወጥ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት መንገድም ይለወጣል።

ለውጡ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ የመዳብ ኦክሳይድ በመጨመቁ ብቻ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት ማሳለፍ የሚጀምርበት ሙቀት ከዜሮ በታች ከ248 ዲግሪ ወደ 224 ከፍ አለ። በ2023 ደግሞ አንድ የኒኬል ኦክሳይድ ይህንኑ ጠባይ ያሳየው ከአየር ግፊት ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ሲጫነው ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ግን በተስማሚ መሠረት ላይ ያደገው ስስ ንጣፍ ያለዚያ ጫና አሳየው።

ገደብም አለው። ንጣፉ ሲወፍር ውጥረቱ ከአቅም በላይ ይሆናል፤ የአቶሞቹ ሰልፍ ይዛነፍና ንጣፉ ወደ ራሱ ልክ ይመለሳል።

ከዚህ ዘርፍ ጎን የአገራችን ስም አለ። አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ሴሪየም ኦክሳይድን በፀሐይ ሙቀት ነዳጅ ለማምረት ካዋሉት ተመራማሪዎች አንዷ ናቸው። ተማሪያቸው የነበረው ዊልያም ቹዌ በስታንፎርድ የሚመራው ቡድን በ2017 እንዳሳየው፣ ይህ ኦክሳይድ ሲለጠጥም ሲጨመቅም ኦክስጅን የመያዝና የመልቀቅ አቅሙ እስከ አራት እጥፍ ያድጋል። ኦክስጅኑ ሲወጣ ኤሌክትሮኖቹ በሴሪየሙ ላይ ይቀራሉ።

የሶስና ቤተሰብ ከአገር የወጣው አባታቸው፣ የግዕዙ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ፣ በ1975 በወታደሮች ጥይት ከቆሰሉ በኋላ ነበር። ስለ ሀብታችን ስንከራከር የምንጠይቀው «ምን አለን?» ብለን ነው። «በምን መሠረት ላይ እናሳድገው?» የሚለው ጥያቄ ግን መቅደም ነበረበት፤ ማዕድንም ሆነ ሰው ጠባዩ የሚወሰነው በሥሩ ባለው ነውና።