አዝማሪው አዳራሽ ሲገባ

ፒያሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ያለውን ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ስሙን ግን ረጋ ብሎ ያጤነው ሰው መብዛቱን እጠራጠራለሁ። እንዲያው ሲያስቡት “ሀገር ፍቅር” የቴአትር ቤት ስም አይመስልም። ነገሩ ሲወለድ ማኅበር እንጂ ቴአትር ቤት አልነበረማ! መጋረጃም፣ ቲኬት ቆራጭም አልነበረውም።

ዘመኑ 1927 ዓ.ም. ነው። በኅዳር የወልወል ግጭት ተነሥቷል፤ ሙሶሊኒ ጦሩን ምፅዋ ላይ እያራገፈ ነው፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ደግሞ ጉዳዩን ዛሬ ነገ እያለ ያጓትታል። ጦርነቱ እንደማይቀር የገባቸው ሰዎች በሐምሌ ወር የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ዋናው መሥራች መኰንን ሀብተ ወልድ ነበሩ። መቼም ሬዲዮ በየቤቱ በሌለበት፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው በጣት በሚቆጠርበት አገር ሕዝብን ለጦርነት የሚያዘጋጁት ሰብስበው በመንገር ነው፤ ንግግሩ ሲሰለቸው ደግሞ በማዘፈን። ማኅበሩም ይህንኑ አደረገ። ሕዝቡ አደባባይ ይሰበሰባል፣ ንግግር ይደረጋል፣ በመሀል መዝሙር፣ ፉከራና ሽለላ ይገባል። ከደብረ ኤልያስ የተገኙት ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ ብዕራቸውን ለዚህ ሥራ ካዋሉት አንዱ ነበሩ።

ማኅበሩ ሦስት ወር ሳይሞላው ጠላት መረብን ተሻገረ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች፤ ማኅበሩም ተበተነ፤ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

እዚህ ላይ ስለ አዝማሪ ትንሽ እናውራ። በአገራችን አዝማሪ ያልተጠራበት ድግስ አይደምቅም፤ ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ግን አይገኝም ነበር። ጌታው ፊት ቆሞ ያሞግሳል፣ ሲከፋው በሰምና ወርቅ ይሸነቁጣል፣ ተረፈ ምግቡን በልቶ ይሄዳል። “አንተ አዝማሪ!” ስድብ ነበር። ጣሊያን ግን አዝማሪን እንደኛ አልናቀውም። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ በመጋቢት 1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፣ ሟርተኞችንና በየቦታው እየዞሩ የሚተርኩና የሚያዜሙ ሰዎችን እያሳደዱ እንዲረሽኑ አዘዘ። እኛ ለሠርግ ካልሆነ የማንፈልገውን ሰው ጠላት ጥይት የሚገባው ባላጋራ አድርጎ ቆጠረው። ክብር ከተባለ ይኼም ክብር ነው።

ከድል በኋላ ማኅበሩ እንደገና ሲቋቋም ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ተጫዋቾች ከየክፍለ ሀገሩ ተሰባሰቡ። አዝማሪው ከድግስ ቤት ጥግ ተነሥቶ መድረክ ላይ ወጣ፤ ተመልካቹም ገንዘብ ከፍሎ፣ ዝም ብሎ ይሰማው ጀመር። ለውጡ ቀላል አልነበረም። ያም ሆኖ ሴት ልጅ መድረክ ላይ ትታይ ማለት ገና የሚያስነውር ስለነበር በቴአትሩ የሴቷን ቦታ ወንዶች ነጠላ ለብሰው ይጫወቱ ነበር። እንደ ኢዮኤል ዮሐንስ ያለው ሰው ድርሰቱንም ይጽፋል፣ ዜማውንም ይደርሳል። እንደ ንጋቷ ከልካይ ያሉት ሴት ድምፃውያን እንዲህ ባለው ዘመን ደፍረው መዝፈናቸው ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል።

የማኅበሩ ቡድን አንድ ጊዜ ወሊሶ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሄዶ ትርኢት አሳየ። ንጋቷም ኢዮኤልም ነበሩበት። ከተመልካቹ መካከል ጥላሁን ገሠሠ የሚባል ተማሪ ነበር። ኢዮኤልን አግኝቶ ዘፋኝ መሆን እንደሚፈልግ ነገረው፤ ከፈለግህ አዲስ አበባ መምጣት አለብህ ተባለ። አያቱ ትምህርቱን እንዲይዝ እንጂ ዘፈን እንዲዘፍን አይፈልጉም። ልጁ ግን በእግሩ ተነሣ። ቱሉ ቦሎ ዘመድ ቤት ሲደርስ ተይዞ ተመለሰ፤ እንደገና ጠፋ። በመጨረሻም ሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ክቡር ዘበኛ አለፈ። ያ አያቱ የፈሩለት ልጅ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ በሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው በብሔራዊ ሥነ ሥርዓት ነው። አስቴር አወቀም፣ ፍሬው ኃይሉም በዚሁ ቤት አልፈዋል። “አዝማሪ” የሚለው ስድብ “አርቲስት” ወደሚል ማዕረግ የተለወጠው፣ ቢያንስ ግማሽ መንገዱን፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ነገር ግን ማዕረጉ በነጻ አልመጣም። መሥራቹ መኰንን ሀብተ ወልድ ሚኒስትር ብቻ አልነበሩም፤ የሰፊ የመረጃ መረብ ባለቤት እንደነበሩ የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ያነሡታል። (በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ።) እንዲህ ባለ ሰው ጥላ ሥር ያደገ መድረክ ምን ያህል አፉን ይከፍታል? ድግስ ቤት የነበረው አዝማሪ የተናቀ ነው፤ ግን ባለጌታውን ፊት ለፊት የሚሸነቁጥ እሱ ብቻ ነበር። ግጥሙ እዚያው ይወለዳል፣ እዚያው ይሞታል፤ ማን አስቀድሞ ያየዋል? አዳራሽ ሲገባ ግን ጽሑፉ ቀድሞ ለሳንሱር ይቀርባል። በንጉሡም ዘመን ቀረበ፣ በደርግም ዘመን ባሰበት። አዝማሪው የወር ደመወዝና የሥራ መደብ አገኘ፤ ምላሱን ግን መዝገብ ቤት አስረከበ። እኔ እንደሚመስለኝ ልውውጡ ያኔ የግድ ነበር። የተራበና የተሰደበ ሰው ደመወዝና ስም ሲሰጠው አልፈልግም አይልም፤ ይበል ማለትም ጭካኔ ነው።

አዳራሽ ያልገቡት አዝማሪዎች ታዲያ የት ሄዱ? አንዱ መጠጊያቸው ካዛንቺስ ነበር። የሰፈሩ አዝማሪ ቤቶች ጠባብ ክፍል፣ ዱካ፣ ማሲንቆና ጠጅ ወይም ቢራ ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ፈንዲቃ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ የሥዕልና የሙዚቃ ማዕከል እስከ መሆን ደረሰ፤ ከባሕር ማዶም ስሙ ተጠራ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ስለ ቅርስ ብዙ ተባለ። ክርክሩ ግን ግንብ ላይ ነበር፤ የትኛው ቤት በማን ዘመን ተሠራ፣ የማን መኖሪያ ነበር የሚል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንዲቃም አብሮ ሄደ። ያ ቤት ለዓይን የሚሞላ ግንብ አልነበረውም። እዚያ ቤት የገባ ሰው አዝማሪው ዓይኑን አይቶ፣ ጫማውን አይቶ፣ አብራው የተቀመጠችውን አይቶ ግጥም ያወርድበት ነበር። እንግዳውም “ተቀበል!” ብሎ የራሱን ይጥል ነበር። በሀገር ፍቅር አዳራሽ “ተቀበል!” ብሎ የሚጮህ ተመልካች ቢገኝ ጥበቃ ይጠራበታል።