ዜና ወንጪ፦ ጥልቁ ሐይቅ እንዴት እንደ ተፈጠረ

የወለጋ ሰው ከነቀምቴ ተነሥቶ በባኮ፣ በጌዶና በጉደር አድርጎ ወደ ሸዋ ሲወጣ፣ አምቦ ሲደርስ በስተ ቀኙ፣ በደቡብ በኩል፣ ከፍ ያለ ተራራ ያያል። የወንጪ ሐይቅ በዚያ ተራራ አናት ላይ ተኝቷል። የነቀምቴው ገዥ የሞሮዳ በከሬ ወገን ነገር፣ የቄለሙ ገዥ የጆቴ ቱሉ ነገር፣ በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት በሆሮ ጉዱሩ እምባቦ ላይ የተዋጉት ጦርነት ተጽፎ ይገኛል። ምድሪቱን የሠራው እሳት ግን ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማልና እነሆ የእርሱን ዜና እንጽፋለን።

አስቀድሞ የወለጋ መሠረት አሮጌ ዐለት ነበረ። ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ጥንታዊ ባሕር ተዘግቶ የምድር ገጾች ሲጋጠሙ ዐለቱ ተጨመቀ፣ ጋለ፣ ተጣጠፈ። የነጆ ወርቅና የዩብዶ ፕላቲነም ከዚህ አሮጌ ዐለት የተገኙ ናቸው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ የቀለጠ ጥቁር ድንጋይ ከምድር ስንጥቅ ወጥቶ በደጋው ላይ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ ንብርብር ሆኖም ረጋ። ዝናብና ሙቀት ያን ድንጋይ ባበሰበሱት ጊዜ ዛሬ ቡናና በቆሎ የሚበቅልበት ቀይ አፈር ሆነ።

ከዚህም በኋላ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተከፈተ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ነገር ግን ምሥራቅን ከምዕራብ የሚያያይዝ ሌላ የተሰበረ መስመርም አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ካለው ከየረር ተራራ ይነሣል፤ በአምቦ በኩል አልፎ ቄለም ወለጋ ውስጥ እስከ ቱሉ ወለል ይደርሳል። የሥነ ምድር ሊቃውንትም በሁለቱ ተራሮች ስም የየረር–ቱሉ ወለል መስመር ይሉታል። ከደምቢ ዶሎ አገር ከ3,000 ሜትር በላይ ብቅ ያለው ቱሉ ወለል፣ የደንዲ መንትያ ሐይቆችና ወንጪ በዚህ መስመር ላይ የተሰለፉ የእሳት ልጆች ናቸው። ወለል ታላቃቸው ነው፤ ወንጪና ደንዲ ከእርሱ እጅግ ዘግይተው መጡ። የአምቦ ጠበልም ከዚሁ ስብራት የሚወጣ ነው፤ ከጥልቅ የሚመጣው ጋዝ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ያፈላዋል።

የወንጪ ነገር እንዲህ ሆነ። ከተራራው ሥር፣ በምድር ሆድ ውስጥ፣ የቀለጠ ድንጋይ ተጠራቀመ። ይህ ድንጋይ በሲሊካ የበለጸገ፣ ወፍራምና በጋዝ የተሞላ ስለ ነበረ እንደ ጥቁሩ ድንጋይ በጸጥታ አልፈሰሰም። ጋዙ መውጫ ባጣ ጊዜ ፈነዳ፤ አመድና ቀላል ነጭ ድንጋይ ወደ ሰማይ ተወርውሮ አገሩን ሸፈነ። የቀለጠው ድንጋይ የነበረበት ጎተራ ባዶ በሆነ ጊዜ የተራራው አናት የሚቆምበት አጣና ወደ ውስጥ ተናደ። በተናደውም ስፍራ ዙሪያውን በገደል የታጠረ ጎድጓዳ ተፈጠረ፤ ዝናብ ወረደበት፣ ምንጮችም ገቡበት። ውሃው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ረጋ። ስፋቱ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን ከ100 ሜትር ያልፋል። ጣና በስፋቱ የኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ አለቃ ሲሆን ከፍተኛ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ያሰበ ሰው የዚህን ነገር ድንቅነት ያስተውላል።

በአገራችን በጥልቀት ወንጪን ከሚበልጡት አንዱ ሻላ ነው፤ 266 ሜትር ይወርዳል። እርሱም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ እንዲሁ ተራራ ተንዶ የተሠራ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን የሚባለው አገርም ማዛማ የተባለ ተራራ ከ7,700 ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ዓይነት ፈርሶ 594 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ተወለደበት።

የወለጋ የራሱ ትልቅ ውሃ የፊንጫ ሐይቅ ነው፤ እርሱ የሰው እጅ ሥራ ነው። የጮመን ረግረግ በነበረበት ሜዳ ላይ የፊንጫ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1973 ለኤሌክትሪክ ተገደበ። ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም።

ወደ ወንጪና ደንዲ እንመለስ፤ የሁለቱ እሳተ ገሞራዎች ውሃ በየፊናው ይሄዳል። የደንዲ ውሃ በሁሉቃ ወደ ጉደር ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ የወንጪ ግን በዋልጋ ወደ ግቤ ይወርድና በኦሞ አድርጎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ጎረቤታሞቹ ተራሮች ውሃቸውን ለሁለት ባሕር አካፈሉ፤ ይህ ለእኔ ከሐይቁ ጥልቀት ያላነሰ ነገር ነው።

በወንጪ ደሴት ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ገዳም አለ፤ በገደሉም ዙሪያ እንሰትና ገብስ የሚያመርቱ ገበሬዎች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ቆጠራት፤ ከዚያ ወዲህ መንገድና ማረፊያ ተሠራላት፣ እንግዳም በዛ። ገደሉ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ከላይ የታጠበ አፈር ሁሉ ከታች ይከማቻል፤ ጠርጎ የሚያወጣው ትልቅ ወንዝም የለም። ስለዚህ አገሩን የምታስተዳድሩ ሆይ፣ በሐይቁ ዙሪያ ያለው ገደል ዛፉ እንዳይመነጠር፣ ቁልቁለቱም ያለ እርከን እንዳይታረስ ዛሬውኑ አድርጉ።