ሳንቃውን ማን ይንቀለው?

ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት ላይ ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ላከችልኝና «ቲቸር፣ ይሄን ሰፈር ያውቁታል?» አለችኝ። አውቀዋለሁ እንጂ! ከጀርባዋ የሚታየውን ሕንፃ መስኮቶች በኮምፔርሳቶ ከዘጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። በውስጥ መስመር ልመልስላት ጀምሬ ረዘመብኝ። ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ስገባ እንደ ብዙዎቻችን ሥራ የጀመርኩት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ቀጥሎ አንድ ወዳጄ ባዶ የቀሩና የተጎዱ ሕንፃዎችን የሚያሽግ ኮንትራክተር ዘንድ አስገባኝ። እኛ አገር «ቤቱ ታሸገ» ሲባል ማኅተምና ወረቀት ነው የሚታየን። እዚያ ግን ማሸግ ራሱን የቻለ የአናጢ ሥራ ነው። ባለቤቱ ሕንፃውን ሲተወው ወይም እሳት ሲጎዳው፣ የከተማው ተቆጣጣሪ አይቶ «ዝጋው» ብሎ ማስጠንቀቂያ ይጽፍለታል። ባለቤቱ ዝም ካለ ከተማው ራሱ ኮንትራክተር ቀጥሮ ያዘጋዋል፤ ወጪውም በንብረቱ ላይ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ዘዴ አለው። ሚስማር ብቻ ከመታህበት ሌባ በአንድ ብረት ፈልቅቆት ይገባል። ስለዚህ ኮምፔርሳቶው በመስኮቱ ልክ ይቆረጣል፤ ከውስጥ በኩል ሁለት ሞራሌ በአግድም ይጋደማል፤ ከዚያ ረጅም ብሎን ከውጭ ወደ ውስጥ አልፎ ዳዶው ከውስጥ ይጠብቃል። የብሎኑ ራስ ድቡልቡል ስለሆነ ከውጭ ቁልፍ አይዘውም። ሒሳቡ የሚሠራው የመስኮቱ ቁመትና ወርድ በኢንች ተደምሮ ነው። እኔም አስተማሪ ነበርኩና ድመራው ለእኔ ተሰጠ።

አንድ ቀን ከዩ ስትሪት ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ስናሽግ፣ ፊት ለፊት የሚኖሩ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ከደጃቸው ወጥተው ቆመው ያዩን ነበር። ጨርሰን ዕቃ ስንሰበስብ ጠጋ ብለው፣ ልትከፍቱት የምትመጡት መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ። እኛ የምንዘጋ ብቻ ነን አልኳቸው። ሴትዮዋ ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ከዚያ በፊት የመጡትም እንደዚያው እንዳሏቸው ነገሩኝ።

ነገሩ ከነከነኝና የሰፈሩን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ዩ ስትሪት በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ «ጥቁር ብሮድዌይ» የሚባል ሰፈር ነበር። ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚያው አካባቢ ነው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት ነው። ሊንከን ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1922 ተከፈተ። ነጮች የማያስገቧቸው ጥቁሮች የራሳቸውን ሐኪም ቤት፣ ሱቅና የጭፈራ ቤት ያቆሙበት ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ውስጥ ተገደሉ። ወሬው ሲደርስ ሕዝቡ የተሰበሰበው 14ኛው መንገድና ዩ ስትሪት መገናኛ ላይ ነበር። ሐዘኑ ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ 14ኛው፣ 7ኛውና ኤች ስትሪት ነደዱ። በአራት ቀን ውስጥ ከ1,000 በላይ ቃጠሎ ተነሳ፤ ከ6,000 በላይ ሰው ታሰረ፤ ከ13,000 በላይ ወታደር ከተማዋ ውስጥ ገባ። እሳቱ ሲጠፋ የሳንቃ ዘመን መጣ።

ያኔ የተመታው ሳንቃ ለጊዜው ተብሎ ነበር። ግን ባንክ ለሰፈሩ ማበደሩን፣ ኢንሹራንስ መሸፈኑን ተወ። ባለቤቱም አንዱ ሞተ፣ አንዱ ወደ ዳር ሰፈር ሄደ፣ ሌላው «መሬቱ ይወደድ» ብሎ ቁጭ አለ። በ1980ዎቹ ደግሞ ለምድር ባቡሩ ሲባል ዩ ስትሪት ተቆፈረ፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገራችን ሰው። ሳንቃ ለሌባም ለእሳትም «ባለቤት የለም» ብሎ የሚናገር ማስታወቂያ ነው። በአንጻሩ በ1958 የተከፈተው ቤንስ ቺሊ ቦውል በዚያ ሁሉ ቃጠሎና ቁፋሮ መካከል ሰው ስላልተለየው እስከ ዛሬ አለ።

የመዘጋት ነገር ሲነሳ ከአእምሮዬ የማይወጣ አንድ ነገር አለ። በ1968ቱ ቃጠሎ የጠፋ የአንድ ታዳጊ ልጅ አስከሬን የተገኘው በ1971 ነው፤ በሳንቃ ተዘግቶ በኖረ መጋዘን ውስጥ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ከፍቶ አላየም። ሕንፃውን ዘግተነዋል ማለት ከሐሳባችንም አውጥተነዋል ማለት ሆነ።

በሙያው በኩልም ብትሄዱ ያው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በ1993 ታሪካዊ ሕንፃ ለጊዜው ስለሚዘጋበት ሁኔታ መመሪያ አውጥቷል። ከመዝጋትህ በፊት ጣሪያውን ጠግን፣ አየር ማስገቢያ ተው፣ እየተመላለስክ እይ ይላል። አየር ካጣ ቤቱ ከውስጥ ይሻግታል፤ ወለሉ ይበሰብሳል። እኛ ግን የተከፈለን ለመዝጋት ብቻ ነበር። ተመልሶ ለማየት የሚከፍል አልነበረም።

ታዲያ ማን ከፈተው? ብዙ ሰው ከፍቶታል፤ ከነሱ መካከል የእኛ ሰዎች አሉ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የመጣው ሐበሻ መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤት ከፈተ። እዚያ ኪራይ ሲወደድበት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ ወረደ። በዕቁብ ብርና በዘመድ ጉልበት ሳንቃ ነቅሎ፣ ወለል አንጥፎ፣ ምጣድ ጣደ። በዚህ እኮራለሁ።

ግን የተሳሳትኩበትም አለ። በ2005 9ኛውና ዩ ስትሪት አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ግን ተቃወሙ። እኔም ያኔ ከሌሎች ጋር ሆኜ «ባዶ ነበር እኮ! እኛ አይደለን እንዴ ያቀናነው?» ስል ነበር። ስያሜው ያኔ ሳይሳካ ቀረ። እኔም ስናደድ ከርሜ፣ አንድ ማታ እነዚያ አሮጊት ትዝ አሉኝ። ባዶ አልነበረም። ሴትዮዋ እዚያው ነበሩ፤ በሕይወት ዘመናቸው ያ መንገድ ሲጨፈርበትም፣ ሲቃጠልም፣ ሲታሸግም አይተዋል። ባዶ ያስመሰለው እኔው የመታሁት ሳንቃ ነው። ታሪክ አስተምር የነበርኩት ሰውዬ ሳንቃውን አይቼ ሰውን ሳላይ ቀረሁ።

ዛሬ ዲሲ የተሻለ ዘዴ አላት። ለዓመታት በሠራበት ተመን ሰው የሚኖርበት ቤት በ100 ዶላር ግምት 85 ሳንቲም ሲከፍል፣ ባዶው 5 ዶላር፣ የተጎሳቆለው ደግሞ 10 ዶላር ይከፍል ነበር። ዘግቶ መተኛት እንዲያምም ማለት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለማሸግ ኮንትራክተር ሲቀጠር ውሉ ላይ «መቼ ይከፈታል? ማን ይከፍተዋል?» የሚል መስመር መኖር አለበት ባይ ነኝ። ያ ካልተጻፈ ሳንቃው ጥበቃ ሳይሆን መርሻ ነው የሚሆነው።

ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው። በሚቀጥለው እዚያ ስትሄጂ ከበሉበት ምግብ ቤት አጠገብ ያሉትን የድሮ ነዋሪዎች ሰላም በያቸው፤ ከእኔ የተሻለ ያስተምሩሻል። እናንተም ወዳጆቼ፣ በየአገሩ ቆልፋችሁት የመጣችሁት ቤት ካለ እስኪ ንገሩኝ፤ መስኮቱን የሚከፍትለት ሰው አለው?

ቸር ሰንብቱ።