እመ ነገሥት ምንትዋብና የቁስቋም ደብር

የጎንደርን ዘመን የጻፉ ሊቃውንት እቴጌ ምንትዋብን በአብዛኛው የሚያነሧቸው ዘውድ እንደ ደፉ፣ እንደ ሾሙና እንደ ሻሩ ገዥ ነው፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የእኒህን እመቤት ረዥም ዕድሜ ከመነሻው እስከ ዕረፍታቸው ለሚመረምር ሰው፣ ሥልጣናቸው ኹሉ ከእናትነታቸው የፈለቀ፣ ውድቀታቸውም ከዚያው ከእናትነታቸው የመጣ ኾኖ ይታየዋል።

በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ የተባሉት ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ናቸው። ዐፄ ባካፋ ራሳቸውን ሰውረው አገር ለአገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመው ከአንድ ባላገር ቤት ቢያርፉ፣ ያስታመመቻቸው የቤቱ ልጅ ኋላ ሚስታቸው ኾነች የሚል ትረካ አለ፤ እንደ ተረት እጅግ ያማረ ስለ ኾነ እኔ ብዙም አልመካበትም። የተረጋገጠው ግን ባካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ አልጋው ለሕፃኑ ለኢያሱ መድረሱ፣ እናቲቱም ብርሃን ሞገሳ ተብለው በዚያው ዓመት ከልጃቸው ጋራ ዘውድ መድፋታቸው ነው። ዐመፅ ተነሥቶ ጎንደር በተከበበችና በተቃጠለች ጊዜ ሕፃኑን ይዘው ጸኑ፤ ወንድማቸውን ወልደ ልዑልን ራስ አሰኝተው፣ የቋራ ዘመዶቻቸውንም በየሹመቱ አስቀምጠው ልጁን በወገን አጠሩት።

ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት በዚህ ዘመን ነው። ቁስቋም፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ቁጣ በሸሸች ጊዜ ያረፈችበት የግብፅ ተራራ እንደ ኾነ የታወቀ ነውና፣ ብዙ ጠላት የከበበውን ሕፃን ንጉሥ ይዘው የቀሩ መበለት ለደብራቸው ይህን መታሰቢያ መምረጣቸው እንዲያው ያለ ነገር አይመስለኝም። በዙሪያው ግንብ አሳጠሩ፤ በአጠገቡም ለራሳቸው መኖሪያ የሚኾን አዳራሽ በድንጋይና በኖራ አሳነፁ፤ በፍርስራሹ ግድግዳ ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረፁት መስቀሎች ዛሬም ይታያሉ። ለካህናቱና ለደብተሮቹ ጉልት ተከሉ፤ ንዋየ ቅድሳቱንም አሟሉ። በጣና ደቅ ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠሩ እርሳቸው ናቸው፤ በዚያም ከምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩት ሴት ራሳቸው እቴጌዪቱ ናቸው።

ለመንግሥቱ አለኝታ ይኾናል ተብሎ ዐፄ ኢያሱ ከኦሮሞ ባላባት ወገን የኾኑትን ውቢትን አገቡ። በ1747 ዓ.ም. ኢያሱ ሲሞቱ የውቢት ልጅ ሕፃኑ ኢዮአስ ነገሡና ምንትዋብ አሁን ደግሞ አያት ኾነው ሞግዚትነቱን ያዙ፤ ነገር ግን ሕፃኑ እናት ነበረው፤ እናቲቱም በተራዋ፣ ምንትዋብ ቀድሞ እንዳደረጉት ኹሉ፣ ወንድሞቿንና ዘመዶቿን ወደ ግቢ አስገባች። አማትና ምራት በአንድ ሕፃን ላይ ሲፎካከሩ ቤተ መንግሥቱ ለኹለት ተከፈለ። ይህን የጻፉ ሰዎች ጥፋቱን ኹሉ በምራቲቱ ላይ መጫን ይወዳሉ፤ እኔ ግን ቋረኞችን ያበዛ እጅ የሌላውን ዘመድ መብዛት ሊከለክል የሚችልበት ምክንያት አይታየኝም። ኹለቱን ወገን አቻችለው የያዙት ራስ ወልደ ልዑል ሲሞቱ የሚያስታርቅ ታጣ፤ ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ንጉሡን ከዙፋን አውርደው አስገደሉ፤ ዘመነ መሳፍንትም የሚቈጠረው ከዚህ ነው። ከባካፋ ዕረፍት በኋላ ከወለዷቸው ሴቶች ልጆች አንዷ ወይዘሮ አስቴር ደግሞ የዚሁ የሚካኤል ሚስት ኾኑ።

ልጅና የልጅ ልጅ ቀብረው፣ ገዳዩን አማች ያደረጉት አሮጊት ወደ ቁስቋም ገቡ። በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ያገኛቸው በዚህ ነው። ፈንጣጣ ገብቶ የቤቱ ሕፃናት ታመው ነበርና፣ አያቲቱ በዋልድባ መነኮሳት ጸሎት ቢታመኑም ለእንግዳውም ፈቀዱለት፤ እርሱም በርና መስኮቱን ኹሉ አስከፍቶ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ፣ በሞቀ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። የአስቴር ልጆች ዳኑ። ያን ጊዜ ብሩስ የመጣው የዓባይን ምንጭ ለማየት መኾኑን ሲነግራቸው እጅግ ተገረሙ፤ እርሱ በኢየሩሳሌም በኩል አልፎ አንድ ረግረግ ለማየት ይህን ያህል ሲደክም፣ የነገሥታት እናት የኾኑትና ከ30 ዓመት በላይ በዙፋን የተቀመጡት እርሳቸው ግን ኹሉን ትተው በኢየሩሳሌም ምጽዋት እየለመኑ ኖረው፣ በጎልጎታ ደጅ መቀበርን ብቻ እንደሚመኙ መለሱለት።

ምኞታቸው አልተፈጸመም። በ1765 ዓ.ም. ዐርፈው በዚያው በቁስቋም ተቀበሩ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብሩም ነደደ፤ የዛሬው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የታነፀ ነው። የእርሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ነው የሚባለውም ዐፅም በዚያው በአንድነት ይጠበቃል።

ጎንደርን ለማየት የሚሄድ ሰው ከፋሲል ግንብ ሳያልፍ መመለስ ለምዷል፤ አንባቢዬ ግን ቢቻል ኅዳር 6 ቀን፣ የጽጌ ጾም ተፈትቶ ቁስቋም በሚነግሥበት ዕለት፣ እስከ ኮረብታው ይውጣ፤ የፈረሰውን ግድግዳ የሚጠግን ገንዘብ ሲጠየቅም ከሰጭዎቹ አንዱ ይኹን።