የድምፅ ድሪቶ

ድሪቶ ቁራጩ ከየት እንደመጣ አይሸሽግም፤ አንዱ የጋቢ ጫፍ፣ ሌላው የሱሪ ጉልበት መሆኑ ከሩቅ ይለያል። ፈረንጅ «ኮላዥ» የሚለውን የድምፅ ጥበብ ድሪቶ ብዬ ብጠራው የሚሻለኝ ለዚህ ነው።

ከፊተኞቹ አንዱ ሠዓሊ ነበር። ጀርመናዊው ቫልተር ሩትማን በ1930 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምስል የሌለው ፊልም ሠራ። የመጋዝ፣ የደወልና የልጆች ድምፅ በፊልም ላይ ቀርጾ፣ ቆራርጦ ቀጣጠለው፤ የበርሊን ሬዲዮም አሰማው። ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ የባቡር ኳኳታን በሸክላ እየደጋገመ ሙዚቃ ያደረገው በ1948 ነው፤ መጻሕፍቱ ይበልጥ የሚያወድሱትም እሱን ነው።

ከሼፈር አራት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሐሊም ኤል-ዳብህ የተባለ እርሻ የተማረ የካይሮ ወጣት ከሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ መቅረጫ ተውሶ ዛር ወደሚጨፈርበት ቤት ገብቶ ነበር። ቴፕ እዚያ ገና አልደረሰም፤ መሣሪያው የሚቀርጸው በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ነው። የሴቶቹን ዜማ ስቱዲዮ ወስዶ በማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ እየለቀቀ መልሶ መላልሶ ቀዳው። ቃሉ ሟሟ፤ ጉምጉምታው ብቻ ቀረ። ዛር መቼም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወደ ግብፅ የገባው ከዚህ አገር ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም ብዙ ናቸው። ሐሊምም ራሱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናን፣ ዋሽንትንና እምቢልታን አንድ መድረክ ላይ ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ይህም በእኔ ዓይን ሌላ ድሪቶ ነው፤ ቁራጮቹ ግን ሕያዋን ሰዎች ናቸው።

በ1968 ጆን ሌነንና የትርኢት ጥበብ ባለሙያዋ ዮኮ ኦኖ ድሪቶውን የቢትልስ አልበም ውስጥ አስገቡት፤ «ሬቮሉሽን 9» ከስምንት ደቂቃ በላይ ይዘልቃል። ብዙ አድማጭ እስከ ዛሬ ይዘለዋል፤ አልፈርድበትም።

ጣጣው የመጣው በ1981 ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልጆች የነበሩት ብራያን ኢኖና ዴቪድ በርን ለአልበማቸው የሬዲዮ ሰባኪዎችንና የዓረብ ዘፋኞችን ድምፅ ከከበሮ ጋር ሰፉ። ከትራኮቹ አንዱ የቁርዓን ቅጂ ነበረበትና ተቃውሞ ስለተነሣ ከኋላ ኅትመቶች ወጣ። የሰው ጨርቅ ሳይጠይቁ መቅደድ ይሏል ይኼ ነው። በ2016 የፊላዴልፊያዋ ገጣሚና ሙዚቀኛ ሙር ማዘር «ፌቲሽ ቦንስ» በተሰኘ አልበሟ መቀሱን ወደ ራሷ ወገን ታሪክ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ወደ ደረሰው ግፍ አዞረችው።

የሐሊም የዛር ቅጂ ደግሞ ቅንጫቢው በሲዲ ሲታተም ሰውየው ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። የሚሰማው ለሁለት ደቂቃ ያህል ነው።